የቄስ ገብረ ሊባኖስ በረዶ

እግዚአብሔር ሰቆጣን ሲወዳት አቶ ወልደ ሐዋርያትን ፈረንጅ አገር ላከላት፤ ይባስ ብሎም መለሰላት።

ሰውየው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹም ነው። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ባይነገር ይሻላል፤ ምን እንደሚሠራ መሥሪያ ቤቱ ራሱም አጥርቶ አያውቀውም። ለትምህርት ተብሎ ባሕር ማዶ ከርሞ መጣ። ምን ተማረ ለሚል፣ ይዞት የመጣውን ማየት ነው፦ ወፍራም ካፖርት፣ በአፍንጫ መናገርና አንዲት ሥዕል ያለባት የፖስታ ካርድ። በካርዷ ላይ አባት፣ እናትና ልጆች ነጭ በነጭ የሆነ ተራራ ላይ ወጥተው፣ እግራቸውን ከረጃጅም ሳንቃ ጋር አስረው፣ ጥርሳቸውን ገልጠው ቆመዋል። እሱ የሄደበት ወር ፈረንጆቹ በላብ የሚጠመቁበት ነበርና ነገሩን በዓይኑ አላየም። አስተርጓሚውን ቢጠይቀው፣ «ትልልቅ ሰዎች በክረምት ቤተሰባቸውን ይዘው ተራራ ይወጡና በረዶ ላይ ይንሸራተታሉ» አለው። አስተርጓሚው ይህን ብሎ ወደ ጉዳዩ ሄደ። ነገሩ ግን ተሳፍሮ ዋግ ድረስ መጣ።

በሐምሌ አንድ ቀን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወግረው፣ አቶ ወልደ ሐዋርያት ጉሮሮውን ጠርጎ ብድግ አለ። ለሚስቱም ሲናገር ቆሞ ነው፤ ተቀምጦ መናገር የተራ ሰው ነው ይላል።

«የተከበራችሁ የቤተሰቤ አባላት! ዘመኑ የሥልጣኔ ዘመን ነው። ሰው የተባለ ሰው ክረምትን ቤቱ ተወሽቆ አይከርምም። ስለዚህ ዘንድሮ ስኪ እንሄዳለን።»

«እስኪ ወዴት?» አለች ሚስቱ ጥሩሐረግ፣ ምስሯን እየለቀመች።

«እስኪ አይደለም። ስኪ!»

«እኮ፣ እስኪ ንገረና።»

«ሴትዮ፣ ስኪ ማለት በረዶ ላይ መንሸራተት ነው!»

«ለመንሸራተትማ ምን መንገድ ያደክመናል? ደጃፉ አለልህ።»

ጥሩሐረግ ቀልድ አላማራትም ነበር። ልጇ አመተ ሥላሴ ጋዝጊብላ ላይ ለቄስ ገብረ ሊባኖስ ልጅ ታጭታለች። ልጁ ዲያቆን ነው፤ ድምፁ እንደ ማር የሚወርድ፣ ዓይኑ መሬት መሬት የሚያይ። ሽማግሌ የላከው የወንድ ወገን ነው ይባላል፤ የወንዱን ወገን የላከችው ግን ጥሩሐረግ ናት፤ ይህን ከሰቆጣ እስከ ጋዝጊብላ የማያውቅ የለም። ሠርጉ ለጥር ተቀጥሯል። የሷ ስለት አንድ ብቻ ነበር፦ እስከ ጥር ድረስ ባሏ አፉን እንዳይከፍት። ይኸው ከፈተው።

ሰው እንዲያው ተነሥቶ አይሄድም፤ ቦታ ይጠናል። አቶ ወልደ ሐዋርያት የመሥሪያ ቤቱን ተላላኪ፣ ወልደ ኢየሱስን፣ በበቅሎ ጭኖ ወደ ደጋው ሰደደው። ትእዛዙም «በረዶ በብዛትና በጥራት የሚወርድበት፣ ለቤተሰብ ክብርም የሚስማማ ሥፍራ ተጠንቶ ይቅረብ» የሚል ነበር።

ምስኪን ወልደ ኢየሱስ በኽምጣኛም ጠየቀ፣ በአማርኛም ጠየቀ። በሁለቱም ተሰደበ። የደጋ ሰው በረዶ ሲባል ነጭ ተራራ አይታየውም፤ የተላጨ ገብስ ነው የሚታየው። ደግሞም በረዶ ዝም ብሎ አይወርድም፣ የኃጥእ ማሳ መርጦ ነው ይባላል። እንግዲህ ሰውን ደጁ ድረስ ሄዶ «ጥሩ በረዶ አላችሁ?» ማለት፣ «ከመካከላችሁ ሌባው ማን ነው?» እንደ ማለት ነው።

«እኛ ዘንድ? አፍህን ቁረጠው! በረዶ ያለው ማዶ ነው» ይሉታል። ማዶ ሲሻገር፣ «እኛ ምን በደልን? በረዶ ያለው ከዚያ ማዶ ነው» ይሉታል። ማዶ ለማዶ ሲንከራተት ጋዝጊብላ ደረሰ። እዚያ ሰዎቹ ግራ ቀኝ አይተው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ለአፋችን አይደለም እንጂ፣ አምና የቄስ ገብረ ሊባኖስን ገብስ ነው ላጭቶት የሄደ። የሌላ ሰው አልነካም። እሱ መምረጡን ያውቃል» አሉት።

ወልደ ኢየሱስ ተመልሶ ይህን ቢያቀርብ አቶ ወልደ ሐዋርያት ደስታውን አልቻለውም። ከዘመድ ቤት እያለ የሰው በረዶ ምን አስፈለገ! ያንኑ ተላላኪ በቅሎው ሳያርፍ መልሶ ሰደደው። ወልደ ኢየሱስም እንደ ታዘዘው ጋዝጊብላ ገበያ መሀል ቆመና፣ «ስማ! ስማ! የተከበሩ አቶ ወልደ ሐዋርያት፣ በረዶውን ሁሉ አስጠንተው፣ የቄስ ገብረ ሊባኖስን በረዶ መርጠዋል! ለፍልሰታ ይመጣሉ!» አለ።

ወሬውን ለጥሩሐረግ ያመጣችላት ረሒማ ናት፤ ሰቆጣ ገበያ ላይ ጨውና አቡጀዲ የምትሸጠው። የረሒማ ሱቅ ዕቃ ቢያልቅበት ወሬ አያልቅበትም።

«ጥሩዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ባልሽ አማቶችሽን በረዶ የሚወርድባቸው ኃጥኣን ናቸው ብሎ በገበያ አስነገረ አሉ።»

«ወይኔ ልጄ! ማን አለሽ?»

«ማን ያላለኝ አለ በይኝ እንጂ።»

«ቄሱስ ምን አሉ?»

«ልጄን የሰይጣን ልጅ አላጋባም አሉ ይባላል። ሰይጣን አላሉም፣ ሹም ነው ያሉት የሚልም አለ።»

«ልዩነቱ ምን ሊረባኝ!» አለችና ጥሩሐረግ ነጠላዋን አጥብቃ ተነሣች። ማታውን ለባሏ፣ «እሄዳለሁ። እንዲያውም ነገ እንሂድ» አለችው። የሄደችው እግር ስማ ይቅርታ ለመለመን ነው። እሱ ግን ሚስቴ ሠለጠነች ብሎ እንባ አቀረረ።

የጎተራው ቤት መዝጊያ ተነቀለና ሁለት ሳንቃ ሆነ። ሳንቃው እንዲያንሸራትት ተብሎ ሞራ ተቀባ። እንዲህ ሆኖ፣ ፍልሰታ በገባ በማግስቱ፣ ሕፃን ሳይቀር በሚጾምበት ጾም፣ አቶ ወልደ ሐዋርያት ሞራ ሞራ የሚሸት ሳንቃ አስጭኖ ቄስ ቤት ደረሰ። ጥበብ ማለት ይህ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን አንዱን ጥፋት ከሌላው ነጥሎ ነበር የሚያጠፋው።

ቄስ ገብረ ሊባኖስ ጭራቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ጥሩሐረግ ከበቅሎ ወርዳ ጉልበታቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ባሏ ቀደማት።

«እንደምን ዋሉ አባ! በረዶዎ እንዴት ነው ዘንድሮ?»

«የኔ በረዶ?»

«ትሕትናውን ይተዉት አባ። ዝናዎ ሰቆጣ ደርሷል።»

ቄሱ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መልሰው ከተቱት። ከዚያ ወደ ጥሩሐረግ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንቺን አከብርሻለሁ። የመሸበትን እንግዳ አላባርርም፣ ወግ ነው፤ በበጎቹ ቤት በኩል እደሩ። ፍልሰታ ሲፈታ ግን ሽማግሌዎቹን ጠርቼ ቃሌን አነሣለሁ። ልጄም ወደ ሌላ ያይ፤ ልጅሽም ወደ ሌላ ታይ።»

«አባ፣ ስለ እመቤታችን...»

«እሷን ነው የምጾመው። አታስቆጪኝ።»

ጥሩሐረግ ያን ሌሊት የልጇን ስም እየጠራች ከበግ ጋር አደረች። ባሏ ደግሞ አየሩ ተስማማኝ አለ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ጋዝጊብላ እስካሁን ያወራዋል። ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ «አቤቱ በረዶውን መልስልን» እያለ ምሕላ ይይዛል፤ አቶ ወልደ ሐዋርያት ካፖርቱን ለብሶ፣ ሳንቃውን በጠፍር እግሩ ላይ አስሮ፣ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ወደ ሰማይ «ና! ና እንጂ! ምን ያኮራሃል!» ይላል። እስኪመጣ ልለማመድ ብሎ ጭቃው ላይ አንዴ ቢነሣ፣ እውነት ለመናገር ጥሩ አድርጎ ተንሸራተተ። መቆሚያው ብቻ ሳማ ውስጥ ሆነ።

«ምን ነካው ሰውየው?» አለች አልጣሽ የምትባል የመንደሩ ባልቴት።

«ሥልጣኔ ነው» አለች ጥሩሐረግ፣ ቅጠሉን ከጀርባው ላይ እየነቀለች።

«ያሳክካል?»

«እኛን ነው የሚያሳክከን።»

በሦስተኛው ቀን ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ። ነጎድጓዱ ተራራውን ሲያንቀጠቅጠው ሰው ሁሉ «የዘንድሮም ገብስ ሄደ» ብሎ ራሱን ያዘ። አቶ ወልደ ሐዋርያት ግን በሳንቃው እየተንገዳገደ ወጣና እጁን ዘርግቶ ቆመ። ደመናው መጣ፣ መጣ፣ ከራሱ በላይ ደረሰ፤ አየው መሰለኝ፣ ዞሮ ሄደ። ማዶ ካለው ሸንተረር ላይ ወረደና መሬቱን ነጭ በነጭ አደረገው።

«ካርዴ ላይ ያለው ይኸው!» ብሎ ሰውየው በቅሎ ላይ ዘሎ ወጣና ወደ ማዶ ጋለበ። ሲደርስ በረዶው ቀጥ አለ፤ ፀሐይ ወጣች፤ የወረደውም ሳንቃውን እስኪያስር ቀለጠ። እያዘነ ተመለሰ። ጀርባውን ገና ከማዞሩ ማዶ ላይ እንደገና ዘነበ! ተመልሶ ጋለበ፤ እንደገና ቆመ። ሕዝቡ ይህን ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሆኖ ያያል።

መጀመሪያ የጮኸችው አልጣሽ ናት። «እናንተ! ይህ ሰው የተመኘውን ሁሉ እግዜር ይነሣዋል!»

ነገሩ ለሁሉም እኩል በራ። አምና በረዶ መላሽ ደብተራ ጠርተው፣ ማር አብልተው፣ ገብሳቸው ተላጭቷል። ይኸው ያለ ማር ሰው ተገኘ። የማዶ ሽማግሌዎች በጭቃ እየዳኹ መጡና፣ «ጌታችን እኛ ዘንድ ይደሩልን፣ የክት ምንጣፍ አንጥፈናል» ሲሉ ቄስ ገብረ ሊባኖስ ጭራቸውን እንደ ጎራዴ ነቀነቁ።

«ከመቼ ወዲህ? አምቻዬ ነው! አምቻ ለሰው አይዋስም!»

ጥሩሐረግ በበጎቹ ቤት በር ቆማ ሰማች። ሴት ናትና ጊዜዋን ታውቃለች። አቀርቅራ ቄሱ ዘንድ ቀረበች።

«አባ፣ ሽማግሌዎቹን መቼ ነው የሚጠሩት? ቃልዎን ሊያነሡ አልነበር?»

«ማን? እኔ? ልጄ፣ ቄስ ቃሉን ያነሣል እንዴ!»

«እንግዲያው እስከ ጥር ምን አስጠበቀን? በጥቅምት ይሁን። እሱንም በየክረምቱ ይዤላችሁ እመጣለሁ።»

«በጥቅምት ነው! ግን አደራ» አሉ ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለምን እንደምንፈልገው እንዳትነግሪው። ካወቀ በረዶ እንዳይወርድ ይመኝልናል፤ ያን ጊዜ አለቅን።»

እንግዲህ ትልቁ ሰው ከበጎቹ ቤት ወጥቶ ከምድጃው አጠገብ መደብ ላይ ተነጠፈለት፤ እግሩ ታጠበለት። ጠዋት ጠዋት መንደሩ ተሰልፎ፣ «ጌታዬ፣ ዛሬስ በረዶ አማረዎት?» ይለዋል። «እንዴታ!» ሲል፣ «እሰይ! ያዝልቅልዎ!» ብለው ወደ አረማቸው ይሄዳሉ።

«አየሽ ጥሩሐረግ?» ይላል እሱ፣ «ሥልጣኔ ገባቸው።»

«ገባቸው» ትላለች።

ፍልሰታ ተፈትቶ ሰቆጣ ሲመለሱ ደጃፋቸው ላይ አቧራ የለበሱ ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው አገኙ። ከዋግ ቆላ፣ ከዝቋላ ወረዳ በእግር የመጡ ናቸው። እዚያ ታች ዝናቡ ከተቋረጠ ሰንብቷል፣ ማሽላው ቅጠሉን ጠቅልሎ ሰማይ ሰማይ ያያል። ወሬ ደግሞ ዳገትም ቁልቁለትም አይበግረውም።

«ጌታዬ፣ ደጋውን አዩት፤ እኛ ምን በደልን?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው። «እኛም ዘንድ ይምጡልን። በረዶ የለንም፣ አንዋሽም። ፀሐይ ግን አለን፣ የጠራች ፀሐይ! እርስዎ ብቻ ይውደዱልን። አጥብቀው ይውደዱልን።»

አቶ ወልደ ሐዋርያት ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህማ የታወቀ ነው! ፈረንጅ ቤተሰቡን ይዞ አሸዋ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ሲሞቅ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ከፀሐይ የበለጠ የምመኘው ምን አለ? ጥሩሐረግ! የገለባ ባርኔጣዬን!»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና አንዱ አማተበ።

ጥሩሐረግ ወደ ጓዳ ገብታ ለባሏ ባርኔጣውን፣ ለራሷ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች።