የአክተር ጥይት አያልቅም

(መርካቶ። ከምሳ በኋላ ገበያው ቀዝቀዝ ብሏል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሱቆች በር ላይ ሁለት በርጩማ ወጥቷል። አንደኛው ላይ ብርድ ልብስ ነጋዴው ባህረዲን ተቀምጧል፤ ስለ ፊልም የማያውቀው ነገር እንደሌለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ የማያውቅ ካለም ራሱ ይነግረዋል። ሌላኛው ላይ ሳፋና ባልዲ ነጋዴው ይሄይስ አለ፤ ነገር የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። ነገ ጠዋት ምን አለሽ ተራ ውስጥ ፊልም ሊቀረጽ ነው፤ ሁለቱም ይሠሩበታል። አብረው ስላዩት የተኩስ ፊልም ክርክር ከጀመሩ ቆይተዋል።)

ይሄይስ፦ ስልሳ ሁለት ነው ስልህ። ቆጥሬያለሁ።

ባህረዲን፦ ሰው ፊልም እያየ ጥይት ይቆጥራል?

ይሄይስ፦ ሌላው አልገባኝማ። ሽጉጧ ይቺን የምታክል ነች፤ ቢበዛ አስር ትይዝ ይሆናል። ሃምሳ ሁለቱን ከየት አመጣው?

ባህረዲን፦ የአክተር ጥይት አያልቅም። ሕግ ነው።

ይሄይስ፦ የማን ሕግ?

ባህረዲን፦ የአክሽን ሕግ ነዋ። የቦሱ ጥይት ያልቃል። የቦሱ ሰዎች መቶ ሆነው ተኩሰው አንድ ሰው አይመቱም። የአክተሩ ግን አይስትም፣ አያልቅም። እኔ ይሄን የተማርኩት አብነት ሰፈር፣ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቄ ነው። አንተ ያኔ የት ነበርክ?

ይሄይስ፦ ትምህርት ቤት።

ባህረዲን፦ ያስታውቅብሃል።

ይሄይስ፦ ቦሱ የቱ ነበር?

ባህረዲን፦ ክፉው። ባለ ሲጋራው።

ይሄይስ፦ እሱም አክተር አይደለም እንዴ? ፊልሙ ላይ ሠርቷል እኮ።

ባህረዲን፦ ስማ። አክተር በአንድ ፊልም አንድ ነው። አክተር ማለት የማይሞተው ነው። የቀሩት ሟች ናቸው፤ ፊልሙ እንዲሞላ ነው የተጠሩት። ይሄን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ሽማግሌ የላክኩባቸው የሪሃና አባት እንኳ ያውቃሉ።

ይሄይስ፦ ሀጂ ፈርሀት ፊልም ያያሉ?

ባህረዲን፦ አያዩም። ግን ሽማግሌዎቼ ሄደው "ልጁ ፊልም ሊሠራ ነው" ሲሏቸው መጀመሪያ የጠየቁት ምን መሰለህ? "ይሞታል ወይስ አይሞትም?" ነው ያሉት። "ፊልሙን ዘመድ ሁሉ ያየዋል፤ ገና ሳትገባ ባሏ ተጋድሞ ከታየ ልጄን ባል ገፊ ይሏታል፣ ለሚሞት ሰው አልሰጥም" አሉ።

ይሄይስ፦ ከዛስ?

ባህረዲን፦ አክተር መሆኔን አስነገርኳቸው። "አክተር ከሆነስ ይሁን" ብለው ለዓርብ ቀጠሩን። ዓርብ ነገሩ ያልቃል ይሄይስ። ሦስት ዓመት ነው የጠበቅኳት።

ይሄይስ፦ እንኳን ደስ አለህ። እኔ ግን የነገው ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። እንዳላበላሽባችሁ ትንሽ አስተምረኝ።

ባህረዲን፦ (ብርድ ልብስ አጥፎ ከጀርባው ያደርግና ተደላድሎ ይቀመጣል) ጠይቅ።

ይሄይስ፦ አስር ሰው ከብቦ ሊደበድብህ ቢመጣ ምን ታደርጋለህ?

ባህረዲን፦ ምንም። አንድ በአንድ ነው የሚመጡልህ። አንዱ እስኪወድቅ ዘጠኙ ቆመው ይጠብቃሉ።

ይሄይስ፦ ተራ ይዘው?

ባህረዲን፦ ተራ ይዘው።

ይሄይስ፦ መርካቶ ውስጥ? እዚህ የታክሲ ሰልፍ እንኳ አይከበርም።

ባህረዲን፦ ፊልም ነው አልኩህ። ቀጥሎ ቦምብ አለ። ቦምቡ ሁለት ሽቦ አለው፣ ቀይና ሰማያዊ። አክተሩ ላብ በላብ ይሆንና አንዱን ይመርጣል። ሊፈነዳ አንድ ሴኮንድ ሲቀረው፣ ቆረጠው።

ይሄይስ፦ የሚቀረጸው ምን አለሽ ተራ አይደል እንዴ?

ባህረዲን፦ እዛ ነው።

ይሄይስ፦ እዛማ ሁለቱንም ቆርጠው መዳቡን ሸጠውታል። ቦምቡ ራሱ እስካሁን ምድጃ ሆኗል።

ባህረዲን፦ አንተ ሰው፣ ከአንተ ጋር ፊልም አይሠራም። ሆረሩ ላይ ምን ልትል ነው? ግማሹ ሆረር መሆኑን ታውቃለህ አይደል?

ይሄይስ፦ ሰምቻለሁ። መጋዘኑ ውስጥ የማይታይ ነገር አለ አሉ።

ባህረዲን፦ አዎ። እሱ ላይ ነው ሰው የሚያልቀው። ሆረር ላይ ሦስት ዓይነት ሰው ይሞታል። መብራት ይጠፋል፣ ከጓዳ ድምፅ ይሰማል፣ አንዱ ጅል "ማን ነው?" እያለ ብቻውን ይገባል። ይሄ አለቀለት።

ይሄይስ፦ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የጎረቤት አለ ወይ ብሎ አያይም?

ባህረዲን፦ ጎረቤት የለውም።

ይሄይስ፦ ጎረቤት የሌለው ሱቅ ለምን ተከራየ?

ባህረዲን፦ ዝም ብለህ ስማ። ሁለተኛ፣ የእጮኛውን ፎቶ ከኪሱ የሚያወጣ። "ይቺ ሥራ ትለቅና እንጋባለን" ካለማ በቃ፣ ምሳ እንኳ አይታዘዝለትም።

ይሄይስ፦ ማግባት ፈልጎ?

ባህረዲን፦ ማግባት ፈልጎ። ሦስተኛ፣ የአክተሩ የልብ ጓደኛ።

ይሄይስ፦ እሱ ደግሞ ምን አጠፋ?

ባህረዲን፦ ምንም አላጠፋም። አክተሩ መናደድ አለበት። አክተሩ ካልተናደደ ፊልሙ አይነሳም፤ ስለዚህ ጓደኛው በጊዜ ይገደላል።

ይሄይስ፦ ለመናደድማ ታክሲ ውስጥ እግሩን ቢረግጡት ይበቃ ነበር። (ያስባል፤ ፊቱ ቀስ እያለ ይለወጣል) ባህሩ።

ባህረዲን፦ አቤት።

ይሄይስ፦ አክተሩ አንተ ነህ። የአንተ የልብ ጓደኛ ደግሞ እኔ ነኝ።

ባህረዲን፦ (ትከሻውን ይዞ) ልነግርህ አልፈለግኩም ነበር።

ይሄይስ፦ ነገ ልሞት ነው?

ባህረዲን፦ ቶሎ ነው የሚያልቀው። አይዞህ፣ በቀልህን እመልሳለሁ።

ይሄይስ፦ ታዲያ ለመሞት ይሄን ሁሉ ወረቀት ምን አሸከመኝ?

ባህረዲን፦ የቱን ወረቀት?

(ይሄይስ ከሰማያዊ ባልዲ ውስጥ ወፍራም ጥራዝ ያወጣል።)

ይሄይስ፦ ዘጠና አራት ገፅ ነው።

ባህረዲን፦ ለእኔ የሰጡኝ አንድ ቅጠል ወረቀት ነው።

ይሄይስ፦ አንተ ስለምታውቅ ይሆናል። እኔ ስለማላውቅ ሁሉንም ጻፉልኝ።

ባህረዲን፦ (ደንግጦ የነበረው ይረጋጋል) ልክ ነህ። አክተር ደግሞ ብዙ አይናገርም። ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ያያል፣ ሌላው ይለፈልፋል። ለመሆኑ አንተን ምን ሁን አሉህ?

ይሄይስ፦ ምንም ሁን አላሉኝም። ያቺ ለፊልሙ ሰው የምትመዘግበው ቲና አየት አደረገችኝና "አንተ ዋና ገፀ ባህሪ ነህ" አለችኝ።

ባህረዲን፦ ምን ማለቷ ነው?

ይሄይስ፦ ባህሪዬን ነዋ። ከሰው ተጣልቼ እንደማላውቅ ማን እንደነገራት እንጃ። አመስግኛት ወጣሁ።

ባህረዲን፦ (ከልቡ እየሳቀ) እኔን በቀጥታ ነው የጠየቀችኝ። "አክተር ትሆናለህ?" አለችኝ፣ "ተወልጄበት" አልኳት። የአንተ የመልካም ፀባይ ምስክር ነው፣ የእኔ ሹመት ነው።

ይሄይስ፦ እስቲ የአንተን ቅጠል አንብብልኝ።

ባህረዲን፦ (ከኪሱ አውጥቶ፣ ድምፁን አወፍሮ) "ጓደኛው መጋዘን ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል። የእጮኛውን ፎቶ ከኪሱ ያወጣል። ይቺ ሥራ ትለቅና እንጋባለን ይላል። መብራት ይጠፋል። ከጓዳ ድምፅ ይሰማል። ማን ነው? እያለ ይገባል። ይወድቃል።"

ይሄይስ፦ ይሄ ቅድም የነገርከኝ ሰውዬ አይደል እንዴ? ምሳ የማይታዘዝለት?

ባህረዲን፦ እሱ ለሌላ ሰው ነው። ለአክተር ሲሆን ይለያል።

ይሄይስ፦ ከወደቀ በኋላስ?

ባህረዲን፦ ይነሳላ። አክተር ወድቆ እንደሚነሳ ይታወቃል፤ ለምን ብለው ቀለም ያባክናሉ?

ይሄይስ፦ የእኔ ገፅ አራት ላይ ግን ሌላ ነገር አለ። (በጣቱ እየተከተለ ያነባል) "ዋናው ገፀ ባህሪ የጓደኛውን አስከሬን ታቅፎ ይጮሃል።" እዚህ ላይ አስምረውልኛል፣ ጩኸቱ የእኔ ነው።

(ባህረዲን ጥራዙን ይነጥቀዋል። ይገልጣል። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ያነባል። እንደገና ይገልጣል።)

ባህረዲን፦ "ዋናው ገፀ ባህሪ ይናደዳል።" "ዋናው ገፀ ባህሪ ሽጉጥ ያነሳል።" እስከ ዘጠና አራት ድረስ እየተኮስክ ነው። ይሄይስ።

ይሄይስ፦ ወይ።

ባህረዲን፦ አክተሩ አንተ ነህ።

ይሄይስ፦ ኧረ አይደለሁም፤ እኔን በፀባዬ ነው የወሰዱኝ።

ባህረዲን፦ አንተ ነህ አልኩህ። ለእነዚህ ሰዎች ካሜራ ፊት የቆመ ሁሉ አክተር ነው። ለካሜራው ጃንጥላ የሚይዘው ብቻ ነው የቀራቸው። እኔ ገፅ ሦስት ላይ ሞቻለሁ። (በርጩማው ላይ ይጨማደዳል) ለሀጂ ምን ብዬ ልንገራቸው? በሽማግሌ አፍ አልሞትም ብያለሁ እኮ።

ይሄይስ፦ አትዘን። እንቀያየር።

ባህረዲን፦ (ቀና ብሎ) ትሰጠኛለህ?

ይሄይስ፦ ከነጥራዙ ውሰደው። እኔማ ገፅ ስልሳ አስጨንቆኝ ነበር፤ ገላገልከኝ።

ባህረዲን፦ ወላሂ አንተን የመሰለ ጓደኛ የለም። ገፅ ስልሳ ላይ ምን አለ?

ይሄይስ፦ "ዋናው ገፀ ባህሪ ከሦስተኛ ፎቅ ይዘላል።"

ባህረዲን፦ እሱ ምንም አይደል፣ የሚዘለው ሌላ ሰው ነው። አክተሩን የሚመስል ሰው ይቀጥራሉ።

ይሄይስ፦ ቲናን ጠይቄያት ነበር። "አንተን የሚመስል ከየት እናመጣለን?" አለች።

ባህረዲን፦ ታዲያ ከታች ወፍራም ፍራሽ ይነጥፋሉ።

ይሄይስ፦ ካርቶን ነው አለች፣ ባዶ ካርቶን። እሱንም ከሱቅህ ይዘህ ና ብላኛለች። የባልዲ ካርቶን ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ስስ ነው። ጠንከር እንዲል ባልዲዎቹን ውስጡ ልተዋቸው አስቤያለሁ።

(ባህረዲን ጥራዙን ቀስ ብሎ ይዘጋውና ወደ ባልዲው ይመልሰዋል። አንድ ቅጠሉን አንስቶ አቧራውን ያራግፋል።)

ባህረዲን፦ ሳስበው መሞትም ያን ያህል መጥፎ አይደለም።

ይሄይስ፦ አይደለም?

ባህረዲን፦ በጊዜ ሞቼ ሱቄን እከፍታለሁ። ደግሞ ሥራው ራሱ መሞት ላይ ነው፤ መዝለልማ ማንም ይዘላል።

ይሄይስ፦ ሀጂስ?

ባህረዲን፦ (ድምፁ ዝቅ ይላል) እሳቸው ናቸው የቸገሩኝ። ሪሃናን እወዳታለሁ ይሄይስ። አልዘልም፣ ፈርቻለሁ፤ ከሞትኩ ደግሞ እሷን አጣለሁ።

ይሄይስ፦ (በርጩማውን አስጠግቶ) ሀጂ የፈሩት እኮ የሰው አፍ ነው። ደህና መሆንህን ዘመድ በዓይኑ ካየ ማን ምን ይላል?

ባህረዲን፦ ሞቼ እንዴት ነው ደህና መሆኔን የሚያዩት?

ይሄይስ፦ ታቅፌህ ስጮህ ካሜራው የሚመጣው ፊትህ ላይ ነው፤ ተጽፏል። ያኔ አንድ ዓይንህን ጠቀስ አድርጋት። ሀጂ ይገባቸዋል።

ባህረዲን፦ (ፊቱ ይፈታል፤ ወዲያው ይጨነቃል) ዳይሬክተሩ ካየኝስ?

ይሄይስ፦ ካየህማ "እንደገና" ይላል። እስክታውቅበት ድረስ ትሞታለሃ።