ዜና ኖልዌን፦ በፈረንሳይ አገር በአንቲብ ወደብ በባዶ እግሯ ሥራ ስለ ማግኘቷ

ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ሳትደክሙ ያልቃል።

በዘመነ ማዳም ሶላንዥ፣ ለመርከበኞች አልጋ የምታከራየዋ ሴት በነገሠች በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ የሰሜኑ ነፋስ ሦስት ቀን ነፍሶ በበረደ ማግስት፣ ዕለቱም ሐሙስ ነበር፣ ኖልዌን ወለተ እኅቱ ለጉልቬን፣ ዘምድረ ብሬታኝ፣ ከዚያው ከፈረንሳይ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ፣ ዛጎል ፈልቃቂቱ፣ አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ፣ ልቧ ግን ያልተላጠ፣ በባለጸጎች የመዝናኛ መርከብ ላይ የአንድ በጋ ሥራ ትፈልግ ዘንድ ከአልጋዋ ተነሣች።

ከአገሯ ስትወጣ አጎቷ ጉልቬን በመንደሩ ሁሉ፣ «ግንቦት ሳይጠባ ትመለሳለች፤ የዛጎል መፈልቀቂያ ቢላዋዋን ከጠረጴዛው እንዳታነሡ» ብሎ አውጆ ነበርና ይህ ነገር እንደ እሾህ ይወጋት ነበር።

በዚያችም ዕለት ማዳም ሶላንዥ ከደረጃው ራስ ቆማ አዋጅ ነገረች፦ «ኖልዌንዬ፣ የእኔ ቆንጆ፣ ቅዳሜ ጠዋት አልጋሽ ላይ ሌላ ሰው ይተኛል። እስከ ነገ ማታ መርከብ ካላገኘሽ በባቡር ወደ አጎትሽ ነው። ብታኮርፊም አልሰማሽም።»

ሠራዊቷም ይህ ነበር፦ በግራ ክንዷ አርባ ቅጂ ሲቪ፣ በቀኝ እጇ የውሃ ኮዳ፣ በኋላዋም ታምሲን ዘደቡብ አፍሪካ፣ የአልጋ ጎረቤቷ፣ እሷም ሥራ ፈላጊ፣ አፏ ከእግሯ የቀደመ። ከመርከብ ወደ መርከብ ተጓዙ፤ አንዱ ሞልቷል አለ፣ አንዱ ማክሰኞ ኑ አለ፣ በአንዱም ውሻ ሲቪዋን ከፎቶዋ ጋር ላሰው።

ወእምዝ ወደ አሥራ ዘጠነኛው መርከብ፣ ወደ ቤላ ኦንዳ ደረሰች፤ እንደ ወደቡም ሕግ ጫማዋን ከመወጣጫው ሥር ባለው ቅርጫት አኑራ ወጣች፤ እንደተለመደውም «ሞልቷል» ተብላ ተመልሳ ብትወርድ ጫማዋ የለም። በዚያ ወደብ ሁሉም የሚያደርገው አንድ ዓይነት ነጭ ሸራ ጫማ ነውና።

ታምሲንም ወደቡ እስኪሰማ አወጀች፦ «እናንተ ሰዎች፣ ማሰሪያው ሰማያዊ የሆነ ጫማ ያደረጋችሁ መልሱ። ያልመለሰ ዘንድሮ ባሕሩ ያስመልሰው።»

የሚስቅ እንጂ የሚመልስ ጠፋ። ኖልዌንም ድንጋዩ እያቃጠላት፣ ቅርጫት ለቅርጫት እየፈተሸች፣ ከመጨረሻው መርከብ ከሲልቫና ደረሰች። በዚያም የሠላሳ ሰው ጫማ እንደ ተራራ ተከምሮ ነበር። ወደ ሥሩ ለመድረስ አንድ በአንድ አወጣች፤ እጇ ግን ከሕፃንነቷ ዛጎልን በመጠን በመጠኑ መለየት የለመደ ነውና፣ ያወጣችውን ሁሉ ሳታስበው ጥንድ ጥንድ አድርጋ ከትንሹ እስከ ትልቁ ደረደረችው። የእሷም ከታች ተገኘ፤ የመርከቡ ወጥ ሠሪ ጨው ሊበደር ወደ ቤላ ኦንዳ ሄዶ፣ ተሳስቶ አድርጎት መጥቶ ከሥር ሸጉጦት ኖሯል።

ቀና ብትል የመርከበኞቹ አለቃ ራግንሂልድ፣ እመ ቁጣ፣ ከላይ ቆማ ታያት ነበር። እንዲህም አወጀች፦ «እናንተ ሰነፎች፣ ውጡና እዩ። ስለዚህ ቅርጫት ሦስት ሳምንት ለመንኳችሁ፤ ይቺ መንገደኛ በሩብ ሰዓት ጨረሰችው። አንቺ ልጅ፣ ሲቪሽን ያዢው፣ አላነበውም። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ነይ፤ እስከ መስከረም የእኛ ነሽ።»

ይህም ዜና ብሬታኝ በደረሰ ጊዜ ጉልቬን ቢላዋዋን ከጠረጴዛው አንሥቶ፣ አጥቦ፣ ዘይት ቀብቶ፣ ከሚስማሩ ሰቀለው።

ክብር ለኖልዌን፣ ለድል አድራጊተ ቅርጫት፣ ለመሥመረ ጫማ መሥራቺቱ፣ ሳትጫማ ለተሾመች። እናንተም ልጆቼ፣ ዛሬ ስትገቡ ጫማችሁን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ አኑሩ፤ ያን ጊዜም አደራ፣ እሷን አስቧት።