ጋሽ ወዳጆና ወፍራሙ ቤዝ

በዚህች ከተማ ከንብረት ክፍል ሠራተኛ አፍ «አለ» የምትል ቃል ማውጣት ከድንጋይ ውኃ ከመጭመቅ ይከብዳል። የካዛንቺሱ ጋሽ ወዳጆ ደግሞ የሁሉም አለቃ ነበሩ። የመድኃኒት ምርምር ቤቱን ኬሚካል ቆልፈው፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ የመጣውን ሁሉ «ለምን ሲባል?» እያሉ ይመልሳሉ።

በ1998 ግንቦት ላይ ተናኘወርቅ እጃቸው ላይ ወደቀች። የማስተርስ ጽሑፏ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ዓመት ሙሉ ከለፋችበት ውህድ የተረፋት ለአንድ ሙከራ የሚበቃ ብቻ ነው።

«ፖታሲየም ተርት-ቡቶክሳይድ ፈልጌ ነበር፣ ጋሽ ወዳጆ።»

«ለምን ሲባል? ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሞልቶ የለም? እሱስ ቤዝ አይደል?»

«እሱ ትንሽ ነው። ሃይድሮጅን ንቀል ብዬ ስልከው ሄዶ ካርቦኑ ላይ ይለጠፋል። ያለፈውን ሙከራ ያበላሸብኝ እሱ ነው። ይኼኛው ወፍራም ስለሆነ ውስጥ መግባት አይችልም፤ ዳር ያለውን ሃይድሮጅን ነቅሎ ይሄዳል። በቃ።»

ጋሽ ወዳጆ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩአት። «መግባት ለማይችል ነው እንዲህ የምትለማመጪው? ደብዳቤ አምጪ።»

አመጣች። ማኅተሙ ደብዝዟል ተባለች። በማግስቱ ደማቅ ማኅተም አስመትታ ስትመጣ ክቡርነታቸው ቡልጋሪያ ሰፈር ለቅሶ ሄደዋል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሚኒባስ ተከተለቻቸው። ድንኳኑ ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ ለማታውቀው ሟች ትንሽ አልቅሳ፣ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

«ጋሽ ወዳጆ፣ ቁልፉ...»

«አንቺ ልጅ! ሰው ለቅሶ ላይ ስለ ወፍራም ቤዝ ይወራል? ነገ!»

በማግስቱ ከፈቱ። ተናኘወርቅ ግን ተስፋዋ ተሟጦ ነበር። ጠርሙሱ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ይህ ዱቄት ደግሞ እርጥበት ከነካው ያው ተራ ቤዝ ሆኖ ይቀራል። ክዳኑን ስታነሳ ነጭ፣ ደረቅ፣ ትናንት የታሸገ ይመስላል። ጠርሙሱ የተቀመጠው ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ ውስጥ፣ ውኃ በሚመጥ ጠጠር ላይ ነው።

«ጠጠሩን አርብ አርብ ምድጃ ውስጥ አደርቀዋለሁ» አሉ ጋሽ ወዳጆ፣ ሌላ ቦታ እያዩ። «ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እርጥበት አይወድም ይላል።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ? ማን አዘዘዎት?»

«ማን ያዘኛል? አንድ ቀን የሚፈልገው ልጅ ይመጣል ብዬ ነዋ።»

ያን ዕለት ውህዱ አልተበላሸም፤ ልክ የፈለገችውን ሆነላት።

በሳምንቱ ጃለኔ የምትባል አዲስ ተማሪ ከንብረት ክፍል እየተመናጨቀች ወጣች። «እኚህ ሽማግሌ ግን ምን ዓይነት...»

ተናኘወርቅ ደሟ ፈላ። «አፍሽን ያዢ! መጀመሪያ እንደኔ ደጅ ጥኚ፤ እሳቸውን ማማት የሚፈቀደው ከዚያ በኋላ ነው።»