የአብዱልገኒ ባዶ ክሮች

አዲስ ነገር ገዝቶ፣ ለሚመጥነው ቀን ብሎ ሲያስቀምጥ የሚያረጅ ሰው በየኮንዶሚኒየሙ አይጠፋም። ጫማው ከነካርቶኑ፣ ሶፋው ከነላስቲኩ ነው። የገርጂው ክቡር አቶ አብዱልገኒ ግን ከሁሉም ይብሳሉ፤ እሳቸው የሚያስቀምጡት ምንም ያልተቀዳበት የቴፕ ክር ነው።

በወጣትነታቸው ሙዚቃ ቤት ድምፅ ቀጂ ነበሩ። ከዚያ ዘመን የተረፉ አሥራ አንድ ባዶ ክሮች፣ ሳህን በሚያህል ክብ ላይ እንደተጠቀለሉ፣ የቤቱን ብቸኛ ቁም ሳጥን ይዘዋል። የባለቤታቸው የሐሚዳ ልብስ ሻንጣ ውስጥ፣ ሻንጣው አልጋ ሥር ነው። ክር ሙቀት አይወድም፤ እንፋሎት አይወድም፤ ስፒከር አጠገብ አይደርስም። ከሁሉ በላይ ደግሞ "ክር ይቆማል እንጂ አይጋደምም።" ሐሚዳ ወገቧን ሲያማት እንኳ በዚህ ቤት መጋደም የተከለከለ ይመስላት ነበር።

ባለፈው ወር እናቷ እማማ ሀጀር ለዓይን ሕክምና ከደሴ መጡ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሊመለሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ሐሚዳ ባሏን ለመነች።

"የእናቴን ምርቃት ቅዳልኝ። በስልክ የቀዳሁት ሁሉ ከስልኩ ጋር ጠፋ። ደግሞ መቼ እንደማገኛት አላህ ነው የሚያውቀው።"

ክቡርነታቸው አሰቡ፣ አሰቡና አንድ ክር ፈቀዱ። ክሩ ግን የክፍሉን አየር እስኪለምድ ግማሽ ቀን ተቀመጠ። ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጠቅልሎ ተመለሰ። በመጨረሻ እማማ ሀጀር እጃቸውን ዘርግተው "አላህ..." ሲሉ በጣራው ላይ አውሮፕላን መጣ። "ይለፍ" አሉ አብዱልገኒ። አንዱ ሲያልፍ ሌላው ተተካ። እሱም ሲያልፍ ምድር ቤት የብረት በር የሚሠራው ቃልአብ መቁረጫውን አስነሳ። አብዱልገኒ ለሙከራ መቅዳት ያስጀመሩትን ቴፕ ሳያጠፉ ሊለምኑት ወረዱ።

ቃልአብ ወዲያው እሺ አለ። እሳቸው ግን ስለ ክር አያያዝ ሲያስረዱት አንድ ሰዓት ፈጁ። ሲመለሱ ክሩ ዞሮ አልቋል፤ እማማ ሀጀርም ደክሟቸው ተኝተዋል። በማግስቱ ጠዋት በአውቶቡስ ሄዱ። አብዱልገኒ የክሩ ካርቶን ላይ በቀይ "ተበላሽቷል" ብለው ጻፉ፤ ሐሚዳም ሦስት ቀን አላናገረቻቸውም።

በአራተኛው ቀን እሳቸው መስጊድ ሲሄዱ፣ አሥራ አንዱንም ለቆራሌው ልትሰጥ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። መጀመሪያ ግን የእናቷን ምርቃት የበላውን ክር ቴፑ ላይ ጫነችው።

የቃልአብ ብረት ጮኸና ዝም አለ። ከዚያ የእናቷ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ።

"ሐሚዳዬ፣ ሰውየው የት ቀረ?"

"ቃልአብን ክር እያስተማረው ይሆናል።"

"አውሮፕላኑንስ ማን ያስተምረዋል?"

ሁለቱም ሳቁ። ሐሚዳ እንዲያ መሳቋን ረስታው ነበር።

"አብሽሪ፣ ልጄ። ለባዶ ክር እንዲህ የሚሳሳ ሰው አንቺን አይጥልሽም። አላህ እርጅናችሁን ያሳምርላችሁ።"

ሐሚዳ አለቀሰች። ቆራሌው በር ሲያንኳኳ የሚሸጥ የለም ብላ መለሰችው።

አብዱልገኒ ሲገቡ ክሩን ከነካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ አገኙት። ቀዩን ጽሕፈት አይተው፣ የተበላሸ ነው ብለው፣ ፍሪጁ ላይ አጋደሙት።

"አንተ ሰውዬ" አለች ሐሚዳ፣ ከሦስት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቃሏን ስታወጣ፤ "ክር ይቆማል እንጂ አይጋደምም።"