ዕድል አምጪውን ወረቀት የጠየቁት የወይዘሮ ኢርምትራውድ ዜና

ንዌጥን እንከ ጽሒፈ ዜናሃ ለወይዘሮ ኢርምትራውድ፤ የባቡር ተቆጣጣሪዎች ዓይን፣ የሐርዝ ተራሮች ኩራት፣ የሽቲልባህ መንደር መቅረዝ፤ በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎታቸው ጳጳስ ሳይቀር ቲኬት ጠይቀው ያሳለፉ፣ ያለ ቲኬት የተገኘውንም ከንቲባ በሚቀጥለው ጣቢያ በክብር ያወረዱ። በተወለዱ በሰባ አንደኛው፣ ከባቡር ሥራቸው ጡረታ በወጡ በስምንተኛው፣ የመንደሩ ዳቦ ቤት በተዘጋ በአራተኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥቅምት፣ በዕለተ ኀሙስ ይህ ገድል ተጀመረ።

ወኮነ በውእቱ መዋዕል፣ ልጃቸው ፍሪደሪከ የስድስት ሳምንት ሕፃኗን ሌኔን ታቅፋ ቅዳሜ እንደምትመጣ ላከችባቸው። ሕፃኗ የምትተኛበት የእንግዳ ክፍል ከአረንጓዴው የሸክላ ምድጃ በቀር ሌላ ማሞቂያ አልነበረውም፤ ምድጃውም ከመጋቢት ወዲህ እሳት አላየም። የወረዳው ባለ ፈቃድ ጠራጊ የጭስ ማውጫውን ለመጥረግ የምትመጣበትን ቀን በበራቸው ላይ በለጠፈችው ወረቀት አስታውቃ ነበር፤ ቀኑ ግን የሚመጣው ረቡዕ ነው። ሕፃን ደግሞ ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ በብርድ አትቀመጥም።

በዚህ ጊዜ ታላቅ እህታቸው ጉንዱላ፣ የምክር ጎተራ፣ ያልተጠየቀችውን ሁሉ የምትመልስ፣ ተነሥታ ዴትሌፍ ይጠራ ስትል አዘዘች። ዴትሌፍ በሥራው ምንጣፍ ሻጭ ሲሆን በሰርግና በአዲስ ዓመት ዋዜማ ግን ጥቁር ልብስ ለብሶ፣ ረጅም ባርኔጣ ደፍቶ፣ ብሩሽ በትከሻው አንግቦ ጠራጊ መስሎ ይቆማል፤ በዚያ አገር ልማድ የጭስ ማውጫ ጠራጊን የወርቅ አዝራር የነካ ሰው ዓመቱን ሙሉ ዕድለኛ ነውና፣ ሙሽሮችም ሽማግሌዎችም ተሰልፈው ይነኩታል። ጉንዱላ ሠላሳ ሰርግ ላይ ቆሞ ያየችው ሰው ጠራጊ ካልሆነ ማን ጠራጊ ሊሆን ነው ብላ ተከራከረች።

ሲመጣም እንዲሁ አልመጣም። ከፊት የጉንዱላ አጭር እግር ውሻ ካስፓር እየጮኸ ቀደመ፤ ከውሻው ኋላ ጉንዱላ የፕለም ኬክ ተሸክማ፤ ከጉንዱላ ኋላ ዴትሌፍ በስድስት የወርቅ አዝራሮች እያበራ፤ ከእርሱም ኋላ አዝራር ሊነኩ የወጡ አምስት የመንደሩ መበለቶች ተከተሉ። ሁሉም ነኩ። ዜና መዋዕል እውነቱን መናገር አለበትና፣ ወይዘሮ ኢርምትራውድም ነክተዋል፤ ሁለት ጊዜ።

ወእምዝ ዴትሌፍ ጣራ ላይ ወጣ፤ ብሩሹን በጭስ ማውጫው ሦስት ጊዜ ወደ ታች ላከ፤ በምድጃው ውስጥም ግማሽ አካፋ ጥላሸትና አንድ ቀጭን ጭራሮ ወደቀ። ወርዶም ባርኔጣውን አንሥቶ አዋጅ ነገረ፦

«እትዬ ኢርምትራውድ፣ እንደ መስተዋት አድርጌልዎታለሁ። ይለኩሱት፤ ይዘፍንልዎታል።»

ጉንዱላ እንጨቱን ደርድራ ጨርሳ ነበር። ወይዘሮ ኢርምትራውድ ክብሪቱን አወጡ። ሊጭሩም ሲሉ ዓይናቸው በዴትሌፍ አንገትጌ ላይ ዐረፈ፤ ነጭ ነበር። ከአንገቱ እስከ እጅጌው ጫፍ አንዲት ነጥብ ጥላሸት አላረፈበትም። በባቡር ዘመናቸው በአንደኛ ማዕረግ ጋዜጣ ዘርግቶ በሁለተኛ ማዕረግ ቲኬት የተቀመጠውን ሁሉ ሲያዩት ይቀዘቅዛቸው የነበረው ያ ቦታ፣ በትከሻዎቻቸው መካከል፣ ዛሬም ቀዘቀዛቸው። ጭራሮው ታያቸው፤ ጭስ ማውጫ ውስጥ ጭራሮ ምን ይሠራል? ከጭራሮው ቀጥሎ ሌኔ ታየቻቸው፤ በሩ ተዘግቶ፣ ጭሱ መውጫ አጥቶ፣ ሽታ የሌለው ያ ገዳይ አየር ቀስ እያለ ከአልጋዋ ጋር ሲስተካከል። ክብሪቱን ወደ ሣጥኑ መለሱ፤ ስምንት ዓመት ያልወጣውንም የባቡር ድምፃቸውን አወጡ፦

«ልጄ፣ አዝራርህን አይቻለሁ። አሁን ወረቀትህን አሳየኝ።»

መበለቶቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። በሽቲልባህ ታሪክ ዕድል አምጪን ወረቀት የጠየቀ አልነበረም። ጉንዱላ ደረቷን ይዛ እንዲህ ስትል ዐወጀች፦

«አንቺ ሴትዮ፣ አበድሽ? ዕድል መታወቂያ ይጠየቃል እንዴ? ተቀይሞ ቢሄድስ?»

«ዕድሉ ቁጭ ብሎ ኬኩን ይብላ። የልጄን ልጅ የማስተኛው ግን በማን ቃል እንደሆነ ልወቅ።»

ዴትሌፍ ከደረት ኪሱ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ ክብ ማኅተም እንዳለውም በኩራት አመለከተ። ወይዘሮ ኢርምትራውድ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት የወረዳው የካርኒቫል፣ ማለትም የጭምብል በዓል፣ ማኅበር ለምርጥ አልባሳት የሰጠው የምስክር ወረቀት ነበር፤ ያውም የሁለተኛ ደረጃ።

ወረቀቱን በሁለት እጃቸው መልሰው፣ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ በዚያ ምድጃ እሳት የሚያነድ ሁሉ ጠላታቸው እንደሆነ ዐወጁ። ጉንዱላ ዴትሌፍንም ኬኩንም ይዛ ወደ ቤቷ ገባች። እርሳቸውም ለወረዳው ጠራጊ ስልክ ደውለው የሕፃኗን ነገር ነገሯት፤ ከዚያም ካፖርታቸውን እንደለበሱ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ተቀመጡ፤ ዓመቱ ሁሉ የክፉ ዕድል ቢሆንባቸው ያመጡት ራሳቸው መሆናቸውን እያሰቡ። አላስጨነቃቸውም አይባልም።

በዕለተ ዓርብ የተደወለላት ሊቀ ጠራጊዎች ስቫንትየ መጣች፤ የሁለት መቶ ሠላሳ ጣራዎች ባለ አደራ፣ ሦስት ዓመት ተለማምዳ፣ ከዚያም ለማዕረጉ ተፈትና ያለፈች። ባርኔጣ የላትም፤ አዝራርም የላትም፤ ግራጫ ሹራቧ በዚፕ የሚዘጋ ነው፤ ጥፍሮቿ ግን ጥቁር ነበሩ። ሳትጠየቅ ወረቀቷን አሳየች፤ ጫማዋን ጠረገች፤ ምድር ቤት ወርዳ በጭስ ማውጫው መጥረጊያ ቀዳዳ መስተዋት አስገብታ ወደ ላይ ተመለከተች። ከዚያም ድምፅዋን ሳታነሣ እንዲህ አለች፦

«ሰማይ አይታየኝም፣ ወይዘሮ ኢርምትራውድ። ሕፃኗ የት ነው የምትተኛው?»

ወይዘሮ ኢርምትራውድ በጣታቸው ወደ ላይ አመለከቱ።

ከጭስ ማውጫው ማጠፊያ የወጣው የቁራ ጎጆ ሁለት ቅርጫት ሞላ፤ ጭራሮ፣ የበግ ፀጉር፣ ሰማያዊ ሲባጎ፣ የደረቀ ቁራም ነበረበት። የዴትሌፍ ብሩሽ ከላይ እየጠቀጠቀ አጥብቆት ነበር። ዴትሌፍ ራሱ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አጥሩ አጠገብ ቆሞ ያይ ነበር፤ ቅርጫቶቹን ሲያይ ፊቱ እንደ አንገትጌው ነጣ። ስቫንትየ ግን አላዋረደችውም፦

«ዴትሌፍ፣ ሰርግ ላይ ቁም፤ ያምርብሃል። ጣራ ላይ ግን አትውጣብኝ።»

እርሱም አንገቱን ደፍቶ ቅርጫቶቹን ተሸከመላት፤ አንገትጌውም በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቆረ። እርሷም ጭስ ማውጫውን ጠርጋ፣ ምድጃውን መርምራ፣ መርዘኛውን አየር ጮኾ የሚያስታውቀውን መሣሪያ ከአልጋው ባሻገር ሰቅላ፣ አንዲት ትንሽ ሻማ በምድጃው አፍ ላይ ያዘች፤ ነበልባሉም ወደ ውስጥ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ከዚህ በኋላ ፈረመች፤ ማኅተም መታች። ስትወጣ ጉንዱላ፣ የፕለም ኬኩን ግማሽ መልሳ ያመጣችው፣ ማንም ሳያያት የስቫንትየን ሹራብ ዚፕ በአንድ ጣት ነካች፤ ጣቷም ጠቁሮ ቀረ፤ እስከ ማግስቱም አልታጠበችውም።

እነሆ፣ ሌሎች ጸሐፍት ስለ ወደቁ ከተሞችና ስለ ተማረኩ ሠራዊቶች ይጻፉ። ዜናሃ ለወይዘሮ ኢርምትራውድ ግን በዚህ ይፈጸማል፤ ክብሪት ባለመጫር ድል ያደረጉ፣ በሚያበራ አዝራር ፊት ዓይናቸውን ያልጨፈኑ፣ ለአንዲት ጥያቄ ሲሉ ከእህታቸውም ከዕድላቸውም የተጣሉ፤ ስማቸው በባቡር ጣቢያዎች ሁሉ ይጠራ። ቅዳሜ ማታ አረንጓዴው ምድጃ ነደደ፤ ሕፃኗ ሌኔም በአጠገቡ ተኛች፤ እሑድ ጧትም ነቅታ፣ ከነጋሪትና ከመለከት ሁሉ በላይ፣ ቤቱን በለቅሶ አናወጠችው።