ዳማን ለማስከተብ

በገመድ አንደኛው ጫፍ ያለው ጌታ፣ በሌላኛው ጫፍ ያለው ውሻ ነው የሚል ሰው ውሻ ጎትቶ አያውቅም። ገመድ ለማንም አያዳላም። የጠነከረው ወደ ፈለገበት ይወስደዋል፤ የጠነከረው መሄድ ካልፈለገ ደግሞ ሁለታችሁም ባላችሁበት ትቆማላችሁ። መንገድ መሃል። ሰው እያየ።

በጂንካ ውሻ የሚያንሸራሽር ሰው ብዙም አታዩም። ውሻ ጠዋት ራሱ ይወጣል፣ የሚጮህበትን ጮሆ ማታ ራሱ ይገባል። ስለዚህ አንዲት ልጅ ውሻ በገመድ ይዛ ከታየች ወሬ ነው። እኔ ደግሞ ወሬ መሆን አልወድም። ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ሌላ ሰው ቀድሞኝ እስኪገዛ የምጠብቅ፣ ሰላምታዬ ከአፌ ሳይወጣ ሰላም የምለው ሰው አልፎኝ የሚሄድ ዓይነ አፋር ነኝ።

ውሻችን ዳማ የመጣልን ከፍየል አርቢዎቹ አገር ከቱርሚ ነው። የጭነት መኪና የሚነዳው አጎቴ፣ ውሻው እዚያው ካደገ በኋላ፣ "የፍየል ጠባቂ ነው፤ ጅብ አይደፍራችሁም" ብሎ አመጣው። እውነትም ጅብ አልደፈረንም። የደፈረን ዳማ ነው። "ና" ሲሉት ይተኛል፤ "ሂድ" ሲሉት ያዛጋል። እናቴ "የዚህ ውሻ ጆሮ ለጌጥ ነው" ስትል፣ ጌጡን በእግሩ ያክካል።

እንዲያም ሆኖ እንወደዋለን። ስለዚህ ቀበሌው በድምፅ ማጉያ፣ "የውሻ ክትባት ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ያበቃል፤ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያልታሰረለት ውሻ ከሰኞ ጀምሮ ይወገዳል" ሲል ቤታችን ተረበሸ። "ይወገዳል" ማለት መርዝ ያለበት ሥጋ ማለት እንደሆነ በሰፈራችን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ቅዳሜ ደግሞ እናትና አባቴ ገበያ በቆሎ ሲሸጡ ነው የሚውሉት። ገመዱ እኔ እጅ ላይ ወደቀ።

የድሮው አውሮፕላን ሜዳ ጥግ ስንደርስ ዳማ ተቀመጠ። ጎተትኩት። ተኛ። ዳቦ አሳየሁት። ዳቦውን በላና መልሶ ተኛ። አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመና ሹፌሩ አንገቱን አወጣ።

"እህት፣ ማን ነው ማንን የሚያንሸራሽረው?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ዳማ ተኝቶባታል፤ በምን በኩል ትከፈት?

ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ነው። እንባዬ ሊመጣ ሲል፣ ከገዘር ከተማ በሚመጣው መንገድ የመጡ አንዲት እናት ሦስት ፍየሎች እየነዱ ወደ ገበያ አለፉ። ዳማ ብድግ አለ። ከፍየሎቹ ኋላ ገባና ጭራውን ቀጥ አድርጎ እንደ ዘበኛ መራመድ ጀመረ። እኔም ከዳማ ኋላ። ለካስ ዕድሜ ልኩን ሲከተል የኖረው ፍየል ነው፤ ሰው መከተልን ማን አስተማረው?

ችግሩ፣ ገበያው በግራ፣ ክትባቱ በቀኝ ነው። መታጠፊያው ላይ ወይ እኔ እናገራለሁ፣ ወይ ዳማ ሰኞን አያልፍም።

"እማማ..."

"አቤት ልጄ?"

"ፍየሎቹን በዚህ በኩል... ትንሽ ብቻ... ውሻዬን ላስከትብ..."

ቆም ብለው እኔን አዩ፤ ዳማን አዩ።

"ውሻ ለማስወጋት ፍየል ያስፈልጋል?"

"ለእኛው ያስፈልጋል።"

ሳቁ። "በይ ቶሎ በይ፣ ገበያው እንዳያልፈኝ" ብለው ፍየሎቹን ወደ ቀኝ መለሷቸው። ዳማ መርፌውን ሲወጋ አፍንጫውን ከአንዲት ነጭ ፍየል ጎን አስጠግቶ ንቅንቅ አላለም። ቀዩ ጨርቅ ታሰረለት። ተመስገን አልኩ።

ቸኩዬ ነበር። ዳማ ፍየሎቹን ገበያ ድረስ ተከተለ። ሁለቱ ሲሸጡ ዝም ብሎ አየ። ነጯን ግን ማን ይንካት? ገዢ በተጠጋ ቁጥር ጥርሱን ያሳያል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ የሴትየዋ ሳቅ አለቀ።

"ልጄ፣ ወይ ውሻሽን አንሺ፣ ወይ ፍየሏን ግዢ!"

ውሻዬን ለማንሳት ሞከርኩ። ውጤቱን እናንተም ታውቁታላችሁ። አባቴን ከበቆሎ መደቡ ጠራሁት። እሱም ጎተተ፣ ተቆጣ፣ ለመነ። በመጨረሻ ላቡን ጠረገና እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

ሰው ፍየሉን እንዲጠብቅለት ውሻ ያሳድጋል። እኛ ውሻችንን እንድትነዳልን ፍየል ገዛን።