ቆላ የወረደ አፕል

ሰው ጥሪቱን የት እንደሚያውል የሚወስነው አስቦ ይመስላችኋል። የለም፤ በአጥር ቀዳዳ አይቶ ነው። ጎረቤቱ ያደረገውን ያደርጋል። ጎረቤቱ ደግሞ በዚያው ቀዳዳ እሱን እያየ ነው። እንዲህ ሲተያዩ፣ ማን ምን እንዳወቀ ሳይታወቅ ሁለቱም እርግጠኛ ይሆናሉ።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ሳለን፣ ከሰሜን መጥተው ከመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጡ ጋሽ ጌታሁን የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ትልልቅ የማንጎ ዛፎች ነበሩ። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ልጆቹን የሚያስተምሩት ፍሬውን እየሸጡ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ያን ሰሞን ከበላያችን ደጋው ጨንቻ ላይ አፕል ተክለው ያለፈላቸው ሰዎች ወሬ ቁልቁል ወረደልን። ጋሽ ጌታሁን ሰምተው አላደሩም። አንዱን ማንጎ ገንድሰው በቦታው የጨንቻ ችግኝ ደረደሩ።

ሰፈሩ መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ "የተማሩ ሰው ናቸው፣ የሚያፈራ ዛፍ በከንቱ አይቆርጡም" አለና በየግቢው ማንጎ ይወድቅ ጀመር። ጋሽ ጌታሁን በተራቸው ይህን አይተው፣ አገር ሁሉ አይሳሳትም ብለው ሁለተኛውንም ሊቆርጡ ተነሡ። እትዬ የሺ ለመኗቸው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ብለው ተረቱባቸው። እኔም ለልጆቹ አዘንኩ። ሰውዬው ግን ነገ ይቆረጣል አሉ። ነገም ሳይደርስ ከረመ።

አፕሉ ቅጠል አወጣ፣ ረዘመ፣ አማረ። ፍሬ ግን ወዴት አለ! ብርድ የለመደ ዛፍ የሲቀላን ወበቅ ምን ያድርገው? እንዳይነቀል ደግሞ ለችግኝ የወጣው ብር ያንገበግባል፤ ሁሉም "ለከርሞ" እያለ ያጠጣል። የማንጎ ወቅት ሲደርስ በሰፈሩ የቀረው የነእትዬ የሺ ዛፍ ብቻ ሆነና፣ ድሮ ከደጁ ለቅሞ የሚበላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይገዛ ጀመር። ጋሽ ጌታሁንም መካሪ ወጣቸው። ጥላው ሥር ተቀምጠው፣ አስተዋይ ሰው ያለውን ሁሉ አንድ ነገር ላይ አያውልም፣ አንዱን ያስቀረሁት ለዚህ ነው ሲሉ ሰው በአክብሮት ይሰማቸዋል። እኔም ሰማኋቸው።

አንድ ቀን ማንጎ ልገዛ ሄጄ፣ ጋሼ ሐሳባቸውን እንዴት እንደለወጡ እትዬ የሺን ጠየቅኋቸው።

"አልለወጡም" አሉኝ፣ የበሰለ የበሰለውን እየመረጡልኝ። "መጥረቢያ አጥተው ነው። በሰፈሩ ያለው የእኛው ብቻ ነበር፤ አንዱ ቆርጦ ሲመልስልኝ እኔ ወዲያው ለሌላው አውስ ነበር። ጎረቤትን መከልከል ነውር ነው፣ ልጄ።"